ቁጥሩ የማይገጥም ጠመንጃ

ግሪጎሪ፣ ሳውዝ ዳኮታ
ጥቅምት 1998

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ሰው አስራ ሦስት ዓመት ዝም ብሎ ከርሞ እንዲህ ይጠይቃል ወይ ትል ይሆናል፤ እኔ ግን ሌላ አጀማመር አላውቅም። ወገብህስ እንዴት ነው? እንጨት መሰንጠቂያው ቤት ግንድ ተንከባሎ እንደመታህ አርዲስ ነግራኛለች። አድራሻህንም ያገኘሁት ከእሷው ነው። እንዳትቆጣት፤ የአክስታችን ልጅ አፏ ላይ ምስጢር አይበረክትም፣ ታውቃታለህ። ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? ትልቋ ኮሌጅ ገባች አሉ። እኔ በፎቶ እንኳ አላየኋትም።

እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን ነው። ጉልበቴ ደረጃ ይጠላል፤ መነጽሬ ሁለት ሆኗል፣ አንዱ ለመንገድ፣ አንዱ ለጠመንጃ ቁጥር። ሎሬታ ትታኝ ከሄደች ስድስት ዓመት ሞላት። ክፉ ቃል አልተለዋወጥንም፤ ምንም ቃል አልተለዋወጥንም ብል ይሻላል። ውሻዬ ሚያዝያ ላይ ሞተ። ሌላ ውሰድ ይሉኛል፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን ማንን እንደሚቀብር አይታወቅም እላቸውና አስቃቸዋለሁ። ለአንተ ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ብቸኝነቱ ከብዶኛል። እራቴን ቆሜ ነው የምበላው። ለአንድ ሰው ብሎ ወንበር መሳብ ያስጠላል።

የፌዛንት ወፍ አደን በወሩ አጋማሽ፣ ቅዳሜ ዕለት ተከፈተ። ከሚኒያፖሊስና ከቴክሳስ የመጡት ብርቱካንማ ኮፍያቸውን ደፍተው የበቆሎውን ማሳ ሲያተራምሱት ዋሉ። እኔ አልወጣሁም። አንተ በግራ እኔ በቀኝ ሆነን በበቆሎው መሃል መስመር ይዘን መሄድ ከተውን ወዲህ፣ ከማንም ጋር ብሄድ ግራዬ ባዶ ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው ግን ለናፍቆት ብቻ አይደለም። አጥፍቻለሁ። ያጠፋሁት በአንተና በአባባ ላይ ነው፤ ማጥፋቴን ያወቅሁት ደግሞ ባለፈው ማክሰኞ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርህ። ተናደህም ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። ድሮ በትርፍ ጊዜ የምሠራው ነገር ዛሬ መተዳደሪያዬ ሆኗል። መሬቱን ለጎረቤት አከራይቼ በየቤቱ እየዞርኩ አሮጌ ጠመንጃ እገምታለሁ፤ በተለይ እነዚህን የፊት እጀታቸውን ስበህ ስትገፋ ጥይት የሚያጎርሱትን ባለ ፓምፕ ሾትገኖች። በእኛ አገር የሌለበት ቤት የለም። አያት ይሞታል፣ ቁም ሳጥን ይከፈታል፣ ከካፖርቶቹ ኋላ አንዱ ብቅ ይላል። ልጆቹ ትራክተር የሚያስገዛ ይመስላቸዋል፤ ገዢው ደግሞ እንዳይታለል ይፈራል። ያኔ እኔ እጠራለሁ። አንድ ሕግ አለኝ፣ በገመትኩበት ቤት አልገዛም። ለመግዛት ያሰበ ሰው ሳያስበው ጉድለት ያበዛል፤ ራሴን ስለማውቅ ነው።

ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። አክስቴ ዳሌያቸው ተሰብሮ በወሩ መጨረሻ አረጋውያን ማረፊያ ሊገቡ ነው፤ አንድ አሮጌ ሾትገን አላቸው፣ ማረፊያው ደግሞ መሣሪያ አያስገባም፤ ነጋዴ አግኝተናል፣ ከመሸጣችን በፊት ዋጋውን አንተ ንገረን አለችኝ። የአክስቷን ስም ስትነግረኝ ደግማ እንድትልልኝ ጠየቅኋት። ወይዘሪት አልቪና ኮስታል። አንተ አታውቃቸውም፤ ከእኛ ሰፈር ሲሄዱ የሁለት ወር ሕፃን ነበርክ። አንደኛ ክፍል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ በዚያች ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት። ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነበሩ፤ ከክፍሉ ጀርባ ባለችው ጓዳ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

ማክሰኞ ከምሳ በፊት ደረስኩ። አንሰዋል፤ በአራት እግር ምርኩዝ ነው የሚራመዱት። ምላሳቸው ግን ምርኩዝ አያስፈልገውም። ገና ከበሩ ሳልገባ፣ አንተ አፍንጫህን በእጅጌህ የምትጠርገው ልጅ አይደለህም? ዛሬስ መሃረብ ይዘሃል? አሉኝ። ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ጎበዝ፣ ሃምሳ ዓመት ቢፈጅብህም ተምረሃል አሉ። የወንድማቸው ልጅ የፕለም ኮላች፣ ያንን በስኳር የተነሰነሰ ጣፋጭ ዳቦ፣ በሳህን አቀረበችልኝ፤ እሳቸው ሳህኑን ወደ ጎን ገፉና መጀመሪያ ሥራውን ይጨርስ፣ በስኳር እጁ ብረቴን እንዳይነካብኝ አሏት።

ጠመንጃው መስኮቱ ሥር ፎጣ ላይ ተጋድሟል። ዊንቸስተር፣ ሞዴል አስራ ሁለት፣ ባለ አስራ ስድስቱ መጠን። የአባባ ዓይነት። ባዶ መሆኑን አረጋገጥኩና እንደ ልማዴ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ዝም ብዬ አየሁት። ሎሬታ ድሮ በዚህ ትስቅብኝ ነበር፤ እኔን ስታጨኝ እንዲህ ብታየኝ ምን ነበረበት ትል ነበር። ግን እንዲህ ነው መታየት ያለበት። እጅ ቶሎ ይወዳል፤ ከወደደ በኋላ ዓይን አያይም።

የብሎኖቹ ጭንቅላት አልተፋቀም፤ በማይሆን መፍቻ የታገለው ሰው የለም ማለት ነው። እንጨቱ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ፀጉር በምታህል ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ በአሸዋ ወረቀት አልተፈገፈገም። ሰደፉ አልተቆረጠም፣ የኋላ ሽፋኑም የራሱ ነው። የተቀረጹት ፊደሎች ጠርዛቸው ጣት ይይዛል። የብረቱ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ብብት የሚነካው ላይ ወደ ቡናማ ሄዷል፤ እንደ ደንቡ ያረጀ ነው። ስንቱ ሰው መሰለህ ለአባቱ መታሰቢያ ብሎ ብረቱን አስወልውሎ እንደ አዲስ የሚያስቀባው። በፍቅር ያደርገዋል፣ ዋጋው ግን በግማሽ ይወርዳል። ይህንን ነግሬው የተቀየመኝን ሰው ብቆጥርልህ ደብዳቤው አይበቃም። የወይዘሪት አልቪናን ግን የነካው የለም። ደስ አለኝ፤ ለሳቸው የሚያስደስት ነገር ልናገር ነው ብዬ።

አንድ ነገር ብቻ አልጥም አለኝ። የሰደፉ አንገት በትንሽ እጅ የተያዘ ነው፤ የፊት እጀታው እንጨት ደግሞ በትልቅ እጅ ጠቁሯል፤ የአውራ ጣቱ ቦታ ጎድጎድ ብሏል። እሳቸው ደግሞ ባል አላገቡም። አየሁት፣ ግን አለፍኩት። እንደምታውቀው እኔ ከእንጨት ይልቅ ቁጥር ነው የማምነው።

ፈታሁት። ይህ ሞዴል ግማሽ ዙር ስታዞረው ለሁለት ይከፈላል፤ የፊት ግማሹ ከአፈሙዙና ከእጀታው ጋር ይወጣል፣ የኋላ ግማሹ ከምላጩና ከሰደፉ ጋር ይቀራል። በሁለቱም ሆድ ላይ፣ መገጣጠሚያው አጠገብ፣ ቁጥር አለ። ከፋብሪካ አብረው የወጡ ከሆኑ አንድ ቁጥር ነው። የኋለኛው በ306 ያልቃል። የፊተኛው በ582።

አይገጥምም። ለነጋዴ ይህ ማለት ከሁለት የሞቱ ጠመንጃዎች የተሰፋ አንድ ጠመንጃ ማለት ነው። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ፤ 306 ብዬ ጻፍኩ፤ 582 ብዬ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ።

ይህን ቁጥር አንተም አትረሳውም። ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት።

አባባን ቀብረን ከመጣን በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ፣ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊቹ ገና አላለቀም። አባባ ጠመንጃውን ለአንተ እንደተወልህ እማዬ ነገረችህና አንተ ከመኪናህ አምጥተህ ለዘመዶቹ ታሳይ ነበር። በአስራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሰባት አዲስ ገዝቶት ከእሱ እጅ ሌላ እጅ አልነካውም ትላቸው ነበር። ይህን ነው ያለን፤ በየዓመቱ ነው ያለን። እኔ ደግሞ በቡና ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። ማንም ፍታልን ሳይለኝ። የኋላው 582፣ የፊቱ 306። ይኸውላችሁ፣ አባታችን አንድ ራስ ከአንዱ ሬሳ፣ አንድ እግር ከሌላው ሬሳ ገዝቶ አዲስ ነው ሲለን ኖሯል አልኩ። ሰዎቹ ሳቁ። ለቅሶ ላይ ሰው በትንሽ ነገር ይስቃል። አንተ ፊትህ ቀላ፤ ሁለቱን ግማሾች ሰብስበህ ወጣህ። እኔም ከኋላህ፣ የወር ደመወዝ እንኳ የማያወጣ ነገር ነው ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ወዲህ ድምፅህን ሰምቼ አላውቅም።

ለምን እንዳደረግሁት ልንገርህ። ቀንቼብህ ነው። ታላቁ እኔ ነኝ፣ ጠመንጃ የማውቀው እኔ ነኝ፣ አባባን እስከ መጨረሻው ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ የሰጠው ለአንተ። ዋጋ ልነግርህ አልነበረም የፈታሁት። ላዋርድህ ነበር፤ በዚያው አባባን አዋረድኩት።

አሁን እዚህ፣ በመስኮቱ ሥር፣ የዚያ የሌላው ሬሳ ያልኩት ግማሽ እጄ ላይ ነው። የአባባ የፊት ግማሽ በወይዘሪት አልቪና ጠመንጃ ላይ፣ የወይዘሪት አልቪና የፊት ግማሽ ደግሞ ኦሪገን አንተ ቤት። በትልቁ እጅ የጠቆረውን እንጨት እንደገና ያዝኩት። አውራ ጣቴን ጎድጓዳው ላይ አሳረፍኩ። ልክ ገባ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስህተት ነው ብዬ ነው። ሁለት ሰው አብሮ አድኖ፣ በአንድ ጠረጴዛ አጽድቶ፣ በጨለማ ሲገጥም ይለዋወጥበታል፤ ይህ ስንት ቦታ አጋጥሞኛል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሳያውቀው የጎረቤቱን አፈሙዝ ይዞ ይሞታል። ግን በስህተት የተለዋወጠ ጠመንጃ ይንገጫገጫል። በመገጣጠሚያው ላይ አንዲት ጥርስ ያላት ቀለበት አለች፤ ግማሾቹ እንዲጠብቁ በአንድ ጥርስ በሁለት ጥርስ እያሉ የሚያስተካክሏት። የዚህ ጠመንጃ ቀለበት ሁለት ጥርስ ተንቀሳቅሳለች፤ በንጹሕ መፍቻ፣ ሳትጫር። ገጥሜ ነቀነቅሁት፤ ወፍ የለም። ይህንን አንድ ሰው ተቀምጦ፣ ጊዜ ወስዶ፣ ይህ ለዚህ ይሁን ብሎ ነው የሠራው። በዚያ የለቅሶ ቀን የአንተንም ቀለበት ባየሁ ኖሮ አውቅ ነበር። አላየሁም። ቁጥሩን አነበብኩና በቃኝ።

ወይዘሪት አልቪና ሲያዩኝ ቆይተዋል። የወንድማቸውን ልጅ ሂጂና ፖስታ ሳጥኑን እይልኝ አሏት። ዛሬ አይቼዋለሁ ብትላቸው እንደገና እይው አሏት። ልጅቷ ወጣች። እሳቸውም፣ አንተ ልጅ ከፊደል በፊት ቁጥር ነበር የምታውቀው፤ አሁን ምን አነበብክ? አሉኝ።

የአባቴን ቁጥር አልኳቸው።

ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የሚያነበው ሰው እስኪመጣ ይህን ያህል ይቆያል አላልኩም ነበር አሉ። በጨለማ ተለዋውጦ ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው፤ መውጫ ልሰጣቸው ብዬ ነው። ሳቁብኝ። አባትህ ጠመንጃ ሲገጥም ተሳስቶ ያውቃል? አሉኝ። አያውቅም አልኩ። በቃ፣ መለስክ፣ ተቀመጥ አሉኝ፣ ልክ እንደ ያኔው።

ከዚያ በላይ ብዙ አልተናገሩም። የአርባ ዘጠኙ በረዶ ነበር አሉ። ሁለት ጠመንጃ፣ አንድ ምድጃ፣ አስራ አንድ ቀን፤ ጥንቸሎቹ ከተገፈፉ በኋላ ለእጅ ሌላ ሥራ አልነበረውም አሉ። ከዚያ መስኮቱን አዩ። ከዚያ ወዲህ አንዴ ብቻ ነው ያገኘሁት፣ የእነ ቮሃካን የእርሻ ንብረት በሐራጅ ሲሸጥ፤ ስለ ከብት ድርቆሽ ዋጋ አወራን አሉ። ድርቆሽ ያን ዓመት ውድ ነበር።

አንተ አስራ አንዱን ቀን በተረት ነው የምታውቀው። አባባ በጥር መጀመሪያ በረዶ ይዞት ብቻውን በሚኖረው በሃልቮር ቤት አስራ አንድ ቀን ስለመቆየቱ። ሃልቮር በአስራ አንድ ቀን ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረ፣ ሁለቱ ስለ ድንች ነበሩ ይል ነበር፤ በየክረምቱ ያስቀን ነበር፣ አንተም ኮትህን ገልብጠህ ለብሰህ ሃልቮርን ትሆን ነበር። እኔ ግን ያኔ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አስታውሳለሁ። እሑድ ዕለት ከቤት የወጣው የከሰል ተራው ስለደረሰ ነው፤ አባቶች በየተራ ለትምህርት ቤቱ ከሰል ያደርሱ ነበር። ጠመንጃውን ለመንገድ ጥንቸል ብሎ ያዘ። ከሰዓት በኋላ በረዶው መጣ። እማዬ አንተን በሆዷ ይዛ በመስኮት ታይ ነበር፤ እኔ የበቆሎ አገዳ ምድጃው ውስጥ እጨምር ነበር። አባባ በአስራ አንደኛው ቀን በእግሩ መጣ። እማዬ አቀፈችው፤ ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ በሩ አጠገብ የተደገፈውን ጠመንጃ እጀታ አየችና ይሄ ከቤቴ ይውጣልኝ አለችው።

ታስታውሳለህ አይደል? የሌሎቹ ሁሉ ጠመንጃ ከወጥ ቤት በር ኋላ ነው፣ የእኛም ትንሹ ጠመንጃ እዚያው ነበር፤ ያ ሾትገን ብቻ እህል ጎተራው ውስጥ። ሠላሳ ስድስት ዓመት እህል ጎተራው ውስጥ። እናንተ ልጆች ስላላችሁ ፈርቼ ነው ትለን ነበር። ትንሹ ጠመንጃ ከዳቦ ሣጥኑ ጎን ቆሞ።

ስለ እማዬ ሌላ ነገር አልጽፍም። እሷም ሞታለች፤ ሳትጠየቅ የሄደችበትን አሁን እኔ ልመልስላት አልችልም። አባባንም አልፈርድበትም፤ የመፍረድ ድርሻዬን በዚያ ምድር ቤት ጨርሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ገብቶኛል መሰለኝ። ጠመንጃውን ለአንተ የሰጠህ አብልጦ ስለወደደህ ነው እያልኩ አስራ ሦስት ዓመት ቆስያለሁ። ይሁን፣ ወዶህም ሊሆን ይችላል። ግን ከሁለት ልጆቹ አንዱ ጠመንጃ አግኝቶ ሳይፈታ የማያድር ነው፤ ሌላው ይዞት አደን ይሄዳል። ከእኔ ዓይን ሊያርቀው ነበር። እኔም ገና የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ፈታሁት።

ልጅቷ ባዶ እጇን ከፖስታ ሳጥኑ ተመለሰች። ሥራዬን ጨረስኩ። ዋጋውን እንዳለ ነገርኳቸው፣ አልጨመርኩም አልቀነስኩም። እንጨቱም ብረቱም ያልተነካ ነው፤ ግን ቁጥሩ ስለማይገጥም ሁለት መቶ ሃምሳ ዶላር። ቢገጥም ኖሮ ሰባት መቶ ይደርስ ነበር። ልጅቷ፣ የጎደለውን ግማሽ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ወይ? አለችኝ። ወይዘሪት አልቪና፣ የጎደለ ነገር የለም አሏት።

አንተ ግዛው አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። ሕጌን ነገርኳቸው። የሞኝ ሕግ ነው፣ ግን ሕግ መሆኑ ደግ ነው አሉ። ነጋዴው ነገ ይመጣል አለች ልጅቷ። እኔ ኮላቹን አነሳሁ፤ የማደርገው ስላጣሁ ነው። በዓይኔ ግን የነጋዴው እጅ ያንን እጀታ ሲይዝ ይታየኝ ነበር፤ መኪና ውስጥ ይወረውረዋል፣ በሚቀጥለው የጠመንጃ ትርዒት ለአንዱ የቴክሳስ ሰው በሦስት መቶ ይሸጠዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሺህ ጊዜ አይቻለሁ፤ ልቤን ነክቶት አያውቅም። ያን ቀን ግን ኮላቹን ሳልጨርስ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ወይዘሪት አልቪና ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። ጠመንጃውን ራሳቸው ፈቱት። ጣታቸው ጎብጧል፣ ግን ግማሽ ዙሩ አንዴም አልሳታቸውም። ከዚያ ልጅቷን፣ ማረፊያው የሚከለክለው የሚተኩስ መሣሪያ ነው አይደል? አሏት። አዎ አለች። ይህቺ ትተኩሳለች ወይ? አሉ የኋላውን ግማሽ ብቻ ይዘው፤ አፈሙዝ የላት፣ ምን የላት። ልጅቷ እኔን አየችኝ። አትተኩስም አልኩ። እንግዲያው ይህቺ የእኔ ናት፣ አብራኝ ትገባለች፤ የማረፊያው ኃላፊ እምቢ ካለች እሷንም አስተምሬያታለሁ፣ ማባዛት ያስቸገራት ልጅ ናት አሉ። የፊቱን ግማሽ በፎጣው ጠቅልለው ሰጡኝ። ይህ የእኔ አይደለም፤ አልሸጠውም፣ አንተም አልገዛኸውም፣ ሕግህ አልተነካም አሉኝ።

የእርስዎ ግማሽስ? አልኳቸው። ኦሪገን ወንድሜ ጋ እንዳለ ነገርኳቸው። አስመጣልዎታለሁ ልል ነበር፣ እንዴት ብዬ እንደማስመጣው እግዜር ይወቅ። እሳቸው ግን፣ ወንድምህ ያድንበታል? አሉኝ። ድሮ ያድንበት ነበር፣ ከማንም የተሻለ ተኳሽ ነው አልኳቸው። ከሁለታችሁ አባቱን የሚመስለው የትኛው ነው? አሉኝ። እሱ ነው አልኩ። ውሸት አይደለም። እንግዲያው ባስቀመጠው ቦታ ይቆይ አሉኝ።

ይኸውልህ፣ ነገሩ ይህ ነው። አባባ አልዋሸህም። በሠላሳ ሰባት አዲስ ገዝቶታል፤ የኋላው ግማሽ ራሱ የገዛው ነው፤ የፊቱን ደግሞ ወዶ ነው ያደረገው። የሞቱ ጠመንጃዎች ቅንጣቢ ያልኩት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ በእነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት። ሰዎቹ ግማሾቹ ሞተዋል፣ የቀሩት ረስተውታል። የማልረሳው እኔ ብቻ ነኝ፣ አንተም ትሆናለህ። ይቅር በለኝ።

እንደ ገማች ከጠየቅኸኝ፣ ሁለቱን ግማሾች ብታገናኛቸው የአባባ ጠመንጃ ቁጥሩ ይገጥማል፣ ዋጋው ሦስት እጥፍ ይሆናል። እንደ ወንድም ከጠየቅኸኝ፣ አትንካው። ግን የአንተ ነው፤ አንተ ወስን።

ግማሹ አሁን ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ከነፎጣው። ስለ እሱ ብዬ ሰሞኑን ተቀምጬ መብላት ጀምሬያለሁ። ፖስታ ቤት ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ አፈሙዝ ብቻ ከሆነ ይወስዳሉ፣ ሳጥኑም አላቸው፣ በአራት ቀን ኦሪገን ይደርሳል አሉኝ። አልልክልህም። መጥተህ ውሰደው።

አደኑ እስከ ታኅሣሥ ክፍት ነው። አባባ ድሮ ይነዳበት በነበረው መንገድ ብትመጣ የድልድዩ አስፋልት ተጠግኗል። ባለቤትህም ልጆችህም ቢመጡ አልጋ አለ፤ ይህ ቤት ያለው አልጋ ብቻ ነው። ሳትመጣ ብትቀርም እረዳሃለሁ፤ አስራ ሦስት ዓመት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ብቻ ሰው ላክና አይሆንም በለኝ፣ ዝም አትበለኝ። ዝምታውን አልቻልኩትም።

እግዚአብሔር ወገብህን ያበርታልህ፤ የልጆችህን መንገድ ያቅናልህ፤ ከቤትህ ሳቅ አይጥፋ። ወይዘሪት አልቪናንም ለጸሎትህ አስባቸው፤ ቅዳሜ ገብተዋል፣ ኃላፊዋም እምቢ አላለችም።

በግራው በኩል የሚሄድለት ሰው ያጣው
ታላቅ ወንድምህ